ስምና እጅ

አንድ የጥበብ ስቱዲዮ ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? ውል ጻፊ መልሱን በቀላሉ ይዘረዝረዋል፤ ጠረጴዛውና መሣሪያው፣ ያለቁትና በጅምር ያሉት ሥራዎች፣ የባለቤትነት መብቶቹ፣ በመጨረሻም ስሙ። ለእያንዳንዱ ዋጋ ይወጣለታል፤ ፊርማው ይፈረማል፤ ገንዘቡ ይከፈላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን በውሉ ላይ ያልሰፈረ አንድ ነገር ይቀራል። ስሙን ስም ያሰኘው እጅ የት ነው? እርሱስ አብሮ ተሽጧልን? ካልተሸጠ ገዢው የጨበጠው ምንድን ነው? እጁ ከሄደ በኋላ በስሙ ለሚሠራው ሥራ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

ጥያቄው በሥዕል ቤቶችና በቴያትር ቡድኖች ዘንድ ሲነሣ የኖረ ነው። ደቀ መዝሙር በሣለው ሥዕል ላይ መምህሩ ሲፈርም፣ መሥራቾቹ የተበተኑበት የቴያትር ቡድን በቀድሞ ስሙ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ስምና እጅ መለያየታቸው ይታያል። የሃያኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ደግሞ አንድ አዲስ የጥበብ ዘርፍ ሲያስገኝ ይህን አሮጌ ጥያቄ አብሮ አገዘፈው። ዘርፉ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ብዙ የጥበብ ሰው የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ያልፈዋል። በቅርብ ሲመረመር ግን ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ድርሰትና የሒሳብ ስሌት በአንድነት የሚሠሩበት መስክ ነው። ከቴያትር የሚለየውም ተመልካቹን ከመቀመጫው አስነሥቶ ተዋናይ ስለሚያደርገው ነው። ተዋናይ የሆነ ተመልካች ለፈጸመው ድርጊት ኅሊናው ይጠይቀዋል። ስለዚህ የሥነ ምግባር ጥያቄ ለዚህ ጥበብ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ከሎንዶን በስተደቡብ ምዕራብ፣ በሰሪ አውራጃ፣ ጊልፎርድ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ፒተር ሞሊኒዩና ሌስ ኤድጋር የተባሉ ሁለት ሰዎች በዚህች ከተማ ቡልፍሮግ የተባለውን የጨዋታ ስቱዲዮ አቋቋሙ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የስሙ ትርጉም አንድ ትልቅ የእንቁራሪት ዓይነት ነው። የዚህ ስቱዲዮና ከእርሱ የተወለዱት ስቱዲዮዎች ታሪክ ስምና እጅ እንዴት እንደሚገናኙና እንዴት እንደሚለያዩ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ገጽታ ያሳያል።

ታሪኩ የሚጀምረው ራሱ በስም ስሕተት ነው። ሞሊኒዩ በ1984 አንድ የንግድ ጨዋታ ጽፎ አቅርቦ ነበር፤ የተሸጠው ግን ሁለት ቅጂ ብቻ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ከኤድጋር ጋር የያዘው ኩባንያ ታውረስ ይባል ነበር። አሚጋ የተባለውን ኮምፒዩተር የሚያመርተው ኮሞዶር ኩባንያ ታውረስን ቶረስ ከተባለ ሌላ ድርጅት ጋር አምታታው። ቶረስ ኮምፒዩተሮችን በመረብ የማገናኘት ሙያ ያለው ድርጅት ነበር። ኮሞዶር እነሞሊኒዩን ጠርቶ አነጋገራቸው፤ ኮምፒዩተሮችንም በነጻ ሊሰጣቸው ቃል ገባ። ሞሊኒዩ በንግግሩ መካከል ስሕተቱን ተረዳ፤ ሆኖም ዝም አለ። ኮምፒዩተሮቹም መጡ። ይህን ያጋለጠበት ባላጋራ የለም፤ ከዓመታት በኋላ በራሱ አንደበት ደጋግሞ ያወጋው ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ይህኛው ዝምታ ግን በሌላ ሰው ስም የተገዛ ወርቅ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ሰዎች መሣሪያውን አግኝተው አልተኙበትም። በመጀመሪያ የመረጃ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠሩበት፤ ቀጥሎም ወደ ጨዋታ ተሻገሩ። ሥራው በኋላ መልካም ሆኖ መገኘቱ መነሻውን ያጠራዋልን? አንዳንዱ ያጠራዋል ይላል፤ ኮሞዶር የሰጠውን መሣሪያ ዝነኛ ባደረገ ሥራ ተክሷል ብሎ ይከራከራል። ሌላው ደግሞ ካሣው ባልታሰበ ዕድል የመጣ እንጂ በዝምታው ጊዜ የታሰበ አልነበረም ይላል። ፍርዱ ወዲህም ሆነ ወዲያ ቢያደላ አንድ ነገር ግልጽ ነው። እጅ ገና ምንም ባላሳየበት ሰዓት ስም ብቻውን በር ከፍቷል፤ ያውም የራስ ያልሆነ ስም።

በ1989 ፖፑለስ የተባለው ጨዋታ ወጣ። አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በፖፑለስ ውስጥ ተጫዋቹ አምላክ ነው። ከላይ ሆኖ ትንሽ ዓለም ይመለከታል፤ ኮረብታውን ይንዳል፣ ሸለቆውን ይሞላል። ሰዎቹ በተደለደለው መሬት ላይ ቤት ይሠራሉ፤ ሜዳው በሰፋ መጠንም ጎጆው ወደ ግንብ ያድጋል። ሕዝቡ ሲበዛ የአምላኩ ኃይል ይጨምራል፤ ኃይሉ ሲጨምር በባላጋራው አምላክ ሕዝብ ላይ ረግረግ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ እሳተ ገሞራና ጎርፍ ሊያወርድ ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱን ሰው ጠርቶ ሂድ፣ ና ሊለው አይችልም። ሕዝብ የሌለው አምላክ ኃይል የለውም፤ ኃይል ያለው አምላክም ቢሆን የሚሠራው በሌሎች እጅ ነው። ጨዋታው ይህን የሚያስተምረው በስብከት ሳይሆን በራሱ ሕግ ነው።

የፖፑለስ አወላለድም ይህንኑ ይመስላል። ከፍና ዝቅ የሚለውን የመሬት ገጽ በመጀመሪያ ያበጀው ግሌን ኮርፕስ የተባለ የሥራ ባልደረባ ነበር። ሞሊኒዩ በዚያ መሬት ላይ ትናንሽ ሰዎችን አሠማራ። ሰዎቹ እንቅፋት ሲያጋጥማቸው ዞረው እንዲያልፉ ማድረጉ ስላስቸገረው ተጫዋቹ ራሱ መሬቱን እንዲያስተካክልላቸው አደረገ። የሙያ ችግር የጨዋታው ዋና ብልሃት ሆነ። ይሁንና ዝናው ሲመጣ የመጣው በአንድ ሰው ስም ነበር። ጋዜጦችና መጽሔቶች ሥራውን የሞሊኒዩ ሥራ ብለው ጠሩት። የአንድ ሰው ስም የብዙ ሰዎችን እጅ መሸፈን የጀመረው ስቱዲዮው ለማንም ከመሸጡ በፊት መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

ቡልፍሮግ ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ሥራዎች ስለ ባለንብረትነት በጥርስ የሚስቁ፣ በሆድ ግን የሚያዝኑ ናቸው። በ1994 በወጣው ቲም ፓርክ ተጫዋቹ የመዝናኛ ሥፍራ ባለቤት ነው። በድንች ጥብሱ ላይ ጨው ቢያበዛ ጎብኚዎቹ ይጠማሉ፤ ሲጠሙም መጠጥ ይገዛሉ። ይህን የሚያደርገው ልጅ ማንም አላዘዘውም፤ ትርፉን አይቶ በራሱ ይደርስበታል። በ1997 በወጣው ደንጀን ኪፐር ደግሞ ተጫዋቹ ከመሬት በታች የጨለማ ዋሻ ጌታ ነው። በመስተዋቱ ላይ የሚታየው አካሉ አንዲት እጅ ብቻ ናት። በዚያች እጅ ፍጡራኑን በጥፊ ሲመታቸው ሥራ ያፋጥናሉ፤ ግን ይጎዳሉ። የደመወዝ ቀን ሲደርስ ይሰለፋሉ፤ ካልተከፈላቸው አኩርፈው ጥለውት ይሄዳሉ። ሠሪዎቹ ጌታና ሎሌን በሚያሾፍ ዓይን እየተመለከቱ ሳለ እነርሱም በዚያው ዘመን ጌታ ለውጠው ነበር። በጥር ወር 1995 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ቡልፍሮግን ገዝቶ ነበርና ነው።

በዚህ ላይ ሻጩን ለመውቀስ መቸኮል አይገባም። የሻጩ ክርክር ክብደት አለው። በ1980ዎቹ ጥቂት ሰዎች በወራት የሚጨርሱት ጨዋታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሠራተኛና ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ ሆነ። አንድ ሥራ ገበያ ላይ ቢወድቅ የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ አብሮ ይወድቃል። አሳታሚው ካፒታል አለው፣ የማከፋፈያ መሥመር አለው፣ ውድቀትን የሚሸከም ትከሻ አለው። ለሠራተኞቹ እንጀራ ሲል ነጻነቱን የሚሸጥ ሰው ከሐዲ ሊባል አይችልም። ጥያቄው መሸጡ ብቻ አይደለም፤ ሲሸጥ ምን እየሸጠ እንደሆነ ማወቁ ነው።

ሞሊኒዩ ከሽያጩ በኋላ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆነ። ጨዋታ ደራሲው ስብሰባ ተቀማጭ ሆነ ማለት ነው። በ1997 ደንጀን ኪፐር እንዳለቀ ለቀቀ። የቡልፍሮግ ስም ያለ ሞሊኒዩ ጥቂት ዓመታት ኖረ፤ በ2001 ስቱዲዮው ከገዢው ኩባንያ የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። እጁ ሲሄድ ስሙ ወዲያው አልሞተም፤ ለጥቂት ጊዜ እንደ ተቆረጠ ቅርንጫፍ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ።

ሞሊኒዩ ከማርክ ዌብሊ፣ ከቲም ራንስና ከስቲቭ ጃክሰን ጋር ሆኖ በዚያችው በጊልፎርድ ላየንሄድ የተባለ ሁለተኛ ስቱዲዮ መሠረተ። የዚህ ስቱዲዮ የመጀመሪያ ሥራ በ2001 የወጣው ብላክ ኤንድ ዋይት ነው። ትርጉሙ ጥቁርና ነጭ ማለት ነው። ተጫዋቹ እዚህም አምላክ ነው፤ አካሉም እንደገና አንዲት እጅ ናት። አጠገቡ አንድ ግዙፍ እንስሳ አለ። ይህ ፍጡር ጌታው የሚያደርገውን አይቶ ይማራል። ሲያጠፋ ይመታል፣ ሲያለማ ይደባበሳል፤ ከቅጣቱና ከምስጋናው ጠባይ ያወጣል። የፍጡሩን የመማር ችሎታ ያበጀው ሪቻርድ ኤቫንስ የተባለ ባለሙያ ነበር። ጌታው ጨካኝ ከሆነ አገሩ ይጠቁራል፤ ርኅሩኅ ከሆነ ይፈካል። ስለ ኃላፊነት ከተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ ጨዋታ አንድ ነገር በግልጽ አሳይቷል። ያሳደጉት ፍጡር ከዓይን ርቆ ለሚሠራው ሥራም ያሳደገው ይጠየቃል።

ቀጥሎ የመጣው ፌብል ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ጨዋታው ገና በሥራ ላይ ሳለ ሞሊኒዩ ስለ እርሱ ብዙ ተስፋ ሰጠ። ከተስፋዎቹ አንዱ ልጅ የሆነው ጀግና የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ቢተክል በዓመታት ውስጥ ዛፍ ሆኖ ሲያድግ ያየዋል የሚል ነበር። ጨዋታው በ2004 ወጣ፤ ያ ዛፍ ግን አልበቀለም። ሞሊኒዩ በዚያው ዓመት ለገዢዎቹ ይቅርታ ጠየቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላል ያገራችን ሰው። ሥራው የወደቀ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ወዶታል። ዕዳው ግን የሥራው ሳይሆን የቃሉ ነበር። ገና ያልተሠራን ነገር ስለ ስሙ ብሎ ያመነ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን እምነቱን አበድሯል።

በ2006 ማይክሮሶፍት ላየንሄድን ገዛ። ታሪኩ ራሱን ደገመ። ሞሊኒዩ በ2012 ለቀቀ። ማይክሮሶፍት ፌብል ሌጀንድስ የተባለው ጅምር ሥራ እንዲቆም በ2016 ወሰነ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወርም ስቱዲዮው ተዘጋ። ለዓመታት የተለፋበት ሥራ በሙሉ መልኩ ለሕዝብ ሳይደርስ ቀረ። የፌብል ስም ግን ከገዢው ጋር ቀርቷል፤ በ2020 ሌላ የእንግሊዝ ስቱዲዮ አዲስ ፌብል በመሥራት ላይ መሆኑ ይፋ ሆነ።

ስም ያለ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳየው በ2014 የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ኤሌክትሮኒክ አርትስ ደንጀን ኪፐር የሚለውን የቆየ ስም በእጅ ስልክ ለሚሠራ አዲስ ጨዋታ ሰጠው። ጨዋታው በነጻ የሚሰጥ ነበር። ዋሻውን መቆፈር የሚፈልግ ተጫዋች ግን ለአንዳንዱ አለት ሰዓታት መጠበቅ ነበረበት፤ አለዚያም ጊዜውን የሚያሳጥር ዕንቁ በገንዘብ መግዛት ነበረበት። በ1997 ባለንብረትን ያሾፍ የነበረው ስም አሁን ትዕግሥትን በችርቻሮ የሚሸጥ ሱቅ ሆነ። በቲም ፓርክ ድንች ላይ ይበዛ የነበረው ጨው ከቀልድነት ወጥቶ እውነት ሆነ፤ የተጠማውም የመዝናኛው ጎብኚ ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ ነበር። የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጨዋታው ነጻ ነው የሚለው ማስታወቂያ የሚያሳስት ነው ሲል በዚያው ዓመት ወሰነ። ሞሊኒዩም ሥራውን በግልጽ ነቀፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ያን ጨዋታ የሠራው ሚቲክ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ነበር። ሚቲክም ቀድሞ የራሱ ጌታ የነበረና በ2006 ለዚሁ ኩባንያ የተሸጠ ነው። የጨዋታው ዕድሜ ብዙ ሳይቆይ፣ በዚያው በ2014፣ ሚቲክ ተዘጋ። ስለዚህ ነቀፋው በሠሪዎቹ እጅ ላይ ብቻ ቢወድቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ስሙን የተሸከሙት እነርሱ ነበሩ፤ ስሙን ያተረፈበት ግን ሌላ ነው። ስሙን በ1995 አሳልፎ የሰጠው ሻጭስ? ነቀፋውን በአደባባይ ማሰማቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስም ሲሸጥ ለወደፊት ምን እንደሚሠራበት የመወሰን መብት አብሮ መሸጡን ከፊርማው በፊት ማሰብ የሻጩ ድርሻ ነበር።

እጅስ? እጅ አልሞተም። በ2006 ከላየንሄድ የወጡ ባለሙያዎች በጊልፎርድ ሚዲያ ሞሊኪዩል የተባለ ስቱዲዮ መሠረቱ፤ በ2008 ያወጡት ሊትል ቢግ ፕላኔት ተጫዋቹ የራሱን ዓለም እንዲሠራ የሚያስችል ነበር። በ1997 ቲም ሆስፒታል በተባለው የቡልፍሮግ ጨዋታ ላይ አብረው የሠሩት ማርክ ዌብሊና ጌሪ ካር በ2016 ቱ ፖይንት የተባለ ስቱዲዮ አቋቋሙ። በ2018 ያወጡት ቱ ፖይንት ሆስፒታል የድሮውን ሥራ መንፈስ፣ ቀልዱንና ብልሃቱን ይዞ ተመለሰ። የድሮውን ስም ግን ሊይዝ አልቻለም፤ ስሙ የሌላ ንብረት ነውና። ያወቁት ተጫዋቾች ስሙን ሳያዩ እጁን ለዩት። ሸማኔ ገበያ ቢለውጥ ጥለቱ እንደሚያስታውቀው ማለት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለቲም ፓርክ የሠራው ዴሚስ ሐሳቢስም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። በኋላ በብላክ ኤንድ ዋይት ላይ ሠራ፤ በ2010 ዲፕማይንድ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ፤ በ2024 ደግሞ የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒዩተር ለመተንበይ በተሠራው ሥራ ከኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተካፋዮች አንዱ ሆነ። እንዲህ ያለውን ዕውቀት የትኛው ውል ሊዘረዝረው ይችል ነበር?

ከዚህ በመነሣት አንድ የሚያጽናና መደምደሚያ ሊሰጥ ይቻል ነበር። ስም ቢሸጥም እጅ ነጻ ነው፤ እንግዲህ ማንም አልተጎዳም ማለት ነው። ይህ መደምደሚያ ግን ሦስት እውነቶችን ይዘላል። አንደኛ፣ እጅ የሚኖረው በባልደረቦች መካከል ነው። ስቱዲዮ ሲዘጋ የሚበተነው እያንዳንዱ ባለሙያ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ አብሮ የመሥራት ልማዱ ግን በማንም ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ሁሉም ደግሞ አዲስ ስቱዲዮ የመክፈት ዕድል አያገኝም። ሁለተኛ፣ ነጻ የሆነ እጅም ተመልሶ ይሸጣል። ሚዲያ ሞሊኪዩልን ሶኒ በ2010፣ ቱ ፖይንትን ሴጋ በ2019 ገዝተዋቸዋል። ሦስተኛ፣ ያልተሸጠ እጅም ቃሉን ሊያጥፍ ይችላል። ሞሊኒዩ በ2012 ካቋቋመው ሦስተኛ ስቱዲዮ የመጣው ጎደስ የተባለ ጨዋታ የተጀመረው ከአምስት መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ በሆነ የሕዝብ መዋጮ ነበር፤ ገዢ ኩባንያ በላዩ አልነበረም። ሆኖም ለአዋጪዎቹ ከተነገረው ብዙው ሳይፈጸም በመቅረቱ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። ጥፋት ሁሉ ከባለሀብት ይመጣል የሚል የጥበብ ሰው በዚህ ፊት ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

እንግዲህ መልሱ ስምን አለመሸጥ ብቻ አይደለም። ስም ማለት በሠሪውና በተቀባዩ መካከል የቆየ መተማመን ነው። አንድ ሰው የጊልፎርዷን እንቁራሪት ምልክት በሳጥኑ ላይ አይቶ ገንዘቡን ሲከፍል ያመነው ማኅተሙን አልነበረም፤ ከማኅተሙ ጀርባ ያሉትን እጆች ነበር። ማኅተሙን የሚሸጥ ሰው ያን እምነት አብሮ ያስተላልፋል፤ ያን እምነት ያስገኙት ባልደረቦቹ ግን ብዙውን ጊዜ በፊርማው ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር የላቸውም፤ ተቀባዩማ ከነጭራሹ አይጠየቅም። ስለዚህ ሻጩ የሚሸጠው ከራሱ ድርሻ በላይ ነው። ከራሱ በላይ የሸጠ ደግሞ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላም ዕዳ አለበት። ዕዳውም በሽያጩ ጊዜ ለእጆቹ መከራከር፣ ከሽያጩ በኋላ በስሙ ስለሚሠራው እውነቱን መናገር፣ ነጻ በወጣ ጊዜም በቃሉ መጠን መሥራት ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ቡልፍሮግና ላየንሄድ ዛሬ የሉም፤ ስማቸው ግን ከመቃብራቸው በላይ ውሏል፣ አንዳንዴ በክብር፣ አንዳንዴም ያለ ፈቃዳቸው ለገበያ እየቀረበ። በብላክ ኤንድ ዋይት ውስጥ የተጫዋቹ እጅ እንደ ሥራው መልኳን ትለውጣለች። ክፋት ከበዛ ትጠቁራለች፣ ጥፍሯም ያድጋል፤ ደግነት ከበዛ ትጠራለች፣ ታበራለችም። ተጫዋቹ ያን እጅ ለሌላ ሊሸጣት፣ በጓንትም ሊሸፍናት አይችልም። የሠራውን ሁሉ በእርሷ ላይ እያየ ይቀጥላል። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ለተጫዋቹ የሰጡት ሕግ ይህ ነበር፤ ለጥበብ ሰው ሁሉም የሚበቃ ሕግ ነው።